የመርዶ ወንበር

እናቴ ከሞተች ወዲህ ከወንድሜ ጋር ተጣልታ አታውቅም። በሕይወት ሳለች እሁድ እሁድ መስመሩ ገና ከመከፈቱ ይነካከሱ ነበር። «ለምን አታገባም?»፣ «ለምን አትጾምም?»፣ «ከዚያ ቆርቆሮ መቼ ነው የምትወርደው?» ትለዋለች። እሱም መልስ አያጣም፤ የእሷው ልጅ አይደል! አሁን ግን ሰዓቱ እስኪያልቅ ሲመራረቁ ይቆያሉ። እሷ «እደግልኝ» ትላለች፣ እሱ «አሜን እማዬ» ይላል። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። መስማት ግዴታዬ ነው፤ ማቆያ ድምፅ የቤተሰብ ወይም የእድር ሰው ሳይኖር ብቻውን እንዲያወራ ሕጉ አይፈቅድም።

ማቆያ ያላስገባ ቤት ዛሬ የት አለ? ግን የማያውቅ ካለ ልናገር። ዱሮ ሰው ሩቅ አገር ሳለ እናቱ ብትሞትበት በስልክ አይነገረውም ነበር። ነውር ነው። ሰው ሄዶ፣ ጎሕ ሲቀድ በሩን አንኳኩቶ፣ ወዳጅ ጎረቤት ዙሪያውን ከቦ፣ እጁን ይዞ ነው መርዶው የሚነገረው። እስከዚያው «ጠበል ሄዳለች»፣ «ተኝታለች»፣ «ስልኳ ተበላሽቷል» እየተባለ ይቆያል። ሰዉ እየተበተነ፣ መንገዱ እየረዘመ ሲሄድ ግን ውሸቱ አላዳርስ አለ። ስንት ወር ጠበል ይኬዳል? እድሮች መክረው ዘክረው ማቆያን አመጡ። የሟች ድምፅ፣ በሕይወቱ ከተናገረው ሁሉ ተለቅሞ፣ መርዶ ነጋሪው እስኪደርስ ስልክ ያነሣል። መርዶው ሲነገር ይዘጋል። ኋላም ተሟግተው በሕግ አስጻፉት፦ መርዶ በአፍ እንጂ በመስመር አይነገርም፤ ከቤተሰብ ቀድሞም መሥሪያ ቤት አይሰማም።

እናታችን ወይዘሮ ዘርፌ ጥቅምት ላይ አሰላ አረፈች። በሠልስቷ የእድራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ወንዳፍራሽ ማቆያዋን አስገቡ። እሁድ ሲደርስ እናቴ ስልክ አነሣች።

ወንድሜ ልዑል የሚሠራው ሰገነት ላይ ነው፤ የአየር ማጣሪያ ይጠግናል። ሰገነት ከላያችን የሚዞረው ጣቢያ ነው። ዘጠኝ ሰው ይኖርበታል፤ ምሽት ላይ ቀና ያለ ሁሉ እያበራ ሲያልፍ ያየዋል። የሰፈራችን ልጆች «ልዑል አለፈ!» ብለው ይጮኻሉ። የምስል መስመሩ ለሥራ ብቻ ስለሆነ ለቤተሰብ የሚፈቀደው ድምፅ ነው፤ ይህም ለውሸታችን ተመቸን።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል። እናቴ ልትሞት ጥቂት ሲቀራት፣ ከእሁዱ ወሬ በኋላ፣ «ይሄ ልጅ ደህና አይደለም» ትለኝ ጀመር።

«ምን ሆነ?» ስላት፣

«እሺ አበዛ» አለች።

ሳቅሁ። ልጅ እሺ አለኝ ብላ የምትደነግጥ እናት እሷን ብቻ ነው ያየሁት።

እንግዲህ እኔ የቀረሁት በግማሽ ለቅሶ ነው። ለቀስተኛው መጣ፣ ሄደ፣ ድንኳኑም ፈረሰ። እኔ ግን አልወጣልኝም። በዚህ ዓለም ላይ ከኔ ጋር እሷን «እማዬ» ብሎ የሚጠራ አንድ ሰው ነው ያለው፤ እሱ ደግሞ አልሰማም። እሁድ ዕንባዬን ውጬ «ደህና ናት፣ እያት አጠገቤ ናት» እላለሁ። ወንድሜ ትከሻ ላይ ተደፍቼ፣ እሱም እኔ ላይ ተደፍቶ፣ አብረን እስኪበቃን ማልቀስ ነው የፈለግሁት። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

የምሠራው ጎዴ ነው፤ ለእሁዱ ብቻ እየበረርኩ አሰላ እመላለሳለሁ። የመንኮራኩር ጭነት አቃጅ ነኝ። በዓመት ሁለቴ ወደ ሰገነት ስንቅ እንልካለን፦ ውሃ፣ ማጣሪያ፣ መድኃኒት፣ ሽሮ፣ በርበሬ። ላይ ያሉት የሚጠይቁትና መንኮራኩሯ የምትችለው ተገናኝቶ አያውቅም። ስለዚህ ሥራዬ ጭቅጭቅ ነው፤ ተሰጥኦም አለኝ።

ጎዴ ሲኖሩበት እንቅልፍ እንቅልፍ የሚል አገር ነው። ዋቢ ሸበሌ ድምፅ ሳያሰማ ቡኒ ሆኖ ያልፋል። ሙቀቱ ሜዳውን ያንቀጠቅጠዋል። ግመሎቹ የማስወንጨፊያው ማማ ጥላ ሥር ይተኛሉ፤ ጥላው ሲዞር ተነሥተው ተከትለውት ይዞራሉ። ማማው አገሣ አላገሣ ደንታቸው አይደለም። እኔም በዚያ ሰሞን እንደነሱ ሆኜ ነበር፤ መሥሪያ ቤት ገብቼ ወጥቼ ምን እንደሠራሁ አላውቀውም።

መንኮራኩሯ ሦስት ወንበር አላት። አንዱ የአብራሪዋ፣ አንዱ የረዳቷ ነው። ሦስተኛውን ሁልጊዜ እናስነቅለውና በቦታው ውሃ እንጭናለን። አንድ ማለዳ ወደ አለቃዬ ገባሁ። ጃርሶ የቦረና ሰው ነው፤ ግዙፍ፣ ቁጣው ቶሎ የሚመጣ ቶሎ የሚሄድ።

«ጃርሶ፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ እኔ ልቀመጥ» አልኩት።

«ምን አልሽ?»

«ወደ ሰገነት ልሂድ።»

«አንቺ'ኮ ነሽ ያን ወንበር በየጊዜው የምታስነቅይው! 'ወንበር አይጠጣም' የሚለው የማን ቃል ነው?»

«የኔ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ እናቴ ሞታለች።»

ጃርሶ ለቅሶው ላይ አሰላ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ሰው አይደለም አልልም። ግን ሥራ ሥራ ነው።

«ስመኝ፣ እግዜር ያጥናሽ ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ። ግን ይቺ የስንቅ መንኮራኩር ናት። ረምላ ናት የምታበረው፤ እሷ ትንገረው። አፍ የላትም?»

«ረምላ ምኑ ናት? ባዳ ነው እናትህ ሞተች የሚለው?»

«በሚቀጥለው ትሄጂያለሽ።»

«በሚቀጥለው ማለት ክረምት አልፎ ነው። እስከዚያ ወንድሜ ከሞተ ሰው ጋር ሲጫወት ይክረም?»

«ክብደትሽስ?» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ይህን እንኳ ባይል ይሻለው ነበር። ቀጭን አለመሆኔን አውቃለሁ፤ መስታወት አለኝ። ግን የእናቴን መርዶ ከውሃ በርሜል ጋር ሲመዝንብኝ ደሜ ፈላ። በሩን በላዩ ላይ ዘግቼ ወጣሁና ለጋሽ ወንዳፍራሽ ደወልኩ።

ጋሽ ወንዳፍራሽ ዕድሜያቸውን በሙሉ የሰው ሞት ሲያደራጁ የኖሩ ሰው ናቸው። እምቢ የሚል ሹም ሲያገኙ ፊታቸው ይበራል። «ጠብቂን» አሉኝ። ጠበቅሁ። መቼም ያደረጉትን ከሰማሁ በኋላ አፌን ይዤ ቀረሁ። ሰገነት ላይ ያለ ሰው ሁሉ ቤተሰቡ ትንሽ የስንቅ ከረጢት ይልክለታል፤ ዳቦ ቆሎ፣ ቅቤ፣ ሹራብ፣ እናት የጣማትን ነገር። ጋሽ ወንዳፍራሽ ከሁለት ሽማግሌ ጋር ተነሥተው የስምንቱንም ቤተሰብ በር አንኳኩ። «የልጃችሁን ከረጢት ለመርዶ ልቀቁልን» አሉ። እምቢ ያለ አልነበረም። የጣቢያው አለቃ የኡጁሉ እናት ጋምቤላ ውስጥ የደረቀ ዓሣ አዘጋጅታ ነበር፤ እዚያው ቀቅላ ሽማግሌዎቹን አበላቻቸው። «ለመርዶ ቦታ አይነፈግም፤ ነገ በኔም ነው» ብላ ሸኘቻቸው።

ከዚያ የአሰላን ብርድ የለመደ ካቦርታቸውን እንደለበሱ ጎዴ ወረዱ። ላባቸው እየተንቆረቆረ ጃርሶ ቢሮ ተደርድረው ተቀመጡ። ሻሂ በግመል ወተት መጣላቸው።

«ክብደቱን አምጥተናል» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ። «የጎደለውን ልጅቷ ራት ትተዋለች።»

«ጋሽዬ!» አልኩ።

«ዝም በይ፣ ላንቺው ነው። አሁን የቀረው ሰዓቱ ነው፣ ኢንጂነር። መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ ነው። መንኮራኩራችሁ ጎሕ ሲቀድ ትድረስልን።»

ጃርሶ ግንባሩን አሸ። «አባቴ፣ ሰገነት ላይ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚነጋ ያውቃሉ?»

«ስንት ጊዜ ነው?»

«ዐሥራ ስድስት።»

«ወይ ጉድ! ቁርስ ስንቴ ነው የሚበሉት?» አሉና ከሁለቱ ጋር ተንሾካሾኩ። ሲነጋገሩ ቆይተው ቀና አሉ። «የአሰላው ጎሕ ነው የሚቆጠረው። ሟች ያረፈችው አሰላ ነው። ጭላሎ ላይ ወገግ ሲል፣ ልጅቷ በሩ ላይ ትሁን።»

«የመንኮራኩር መድረሻ እንደ ሠርግ ቀን በሽማግሌ አይቆረጥም!»

«ለምን አይቆረጥም? ሰው አይደለም እንዴ የሚያቅደው?»

ጃርሶ ወደኔ አየ። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። የነገሩን ልክ የማውቅ እኔ ነኝ፤ ይቻላል። ነዳጅ ይፈጃል፣ ቀኑም ይገፋል እንጂ ይቻላል። እሱም እንደሚቻል ያውቃል።

በመጨረሻ ተነሣ። «እሺ፣ ላነጋግራቸው። የሟች ስም አላነሣም፣ ሕጉን አውቃለሁ። 'ከልዑል ቤተሰብ ሰው ልንልክ ነው' ብቻ ነው የምለው። ኡጁሉ ቦታ የለንም ካለ ግን አበቃ፤ ሁለተኛ እንዳትመጡብኝ።» ወደ መስመር ክፍሉ ገባ።

እኛ ሻሂያችንን ጠጣን። ጋሽ ወንዳፍራሽ ስለ ግመል ወተት ጥቅም እንደ ሐኪም ያስረዱኝ ነበር። በመስኮቱ በኩል ግመሎቹ ከጥላው ጋር ሲዞሩ ይታዩኛል። እምቢ ካሉኝ ስድስት ወር ሙሉ እሁድ እሁድ እየዋሸሁ እንዴት እንደምኖር አሰብኩ።

ጃርሶ ሲመለስ ያ የገባው ሰውዬ አልነበረም። ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ተስማምተዋል» አለ።

«ሰዓቱስ?» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ።

«ሰዓቱን እኔ አላነሣሁትም። ኡጁሉ ነው ያነሣው።» ጃርሶ ጠረጴዛውን ነበር የሚያየው። «'ቤተሰብ የሚመጣ ከሆነ ጎሕ ሲቀድ ይድረስልን' አለኝ።»

ጋሽ ወንዳፍራሽ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። እኔ ግን ደስታ ሊገድለኝ ነበር። ኡጁሉ የእናቴን ነገር ጠርጥሮ፣ ሰዎቹን ሰብስቦ ከኔ ጋር ሊቆምልኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

«አያችሁ! ኡጁሉ ወግ ያውቃል!» አልኩ።

«ያውቃል» አለ ጃርሶ። «በደንብ ያውቃል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው ሁሉ ለሰለሰ። ያ ኪሎዬን ሲቆጥር የነበረ ሰው ምሳ እየያዘልኝ መምጣት ጀመረ። ካልበላሁ አጠገቤ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። መድረሻው በአሰላ ጎሕ እንዲገጥም እሱው ራሱ ከጎሕ እስከ ማታ ሲሠራ ሰነበተ፤ አንድም ቀን አልተቆጣም። ጋሽ ወንዳፍራሽ ሲደውሉ ስለ ራቴ መቀለዳቸውን ተዉ። ለእናቴ ነው አልኩ። ሐዘን ሰውን እንዲህ ደግ ያደርጋል እንዴ ብዬ ተገረምኩ።

ልምምዱን እንደ ሕልም ነው የማስታውሰው። ወንበር ላይ አስረው አሽከረከሩኝ። ቀና ሳይሉ መዋጥ፣ ቆሞ መተኛት፣ ሳይንጠባጠብ መታጠብ አስተማሩኝ። ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ስጋደም አልጋው ከሥሬ ይሄድብኛል፤ እንቅልፌ ውስጥ እናቴ ጥርሷን እየፋቀች ታልፋለች፣ «ቆይ እማዬ» ስላት «ስልክ ላነሣ ነው» ትለኛለች። ስነቃ ትራሴ እርጥብ ነው። ቀን ደግሞ ለልዑል የምለውን እለማመዳለሁ። «የሰው ልጅ መቼም እንግዳ ነው» ብዬ ልጀምር? እሱ እኮ ይስቅብኛል። «ልዑሌ፣ እማዬን አጣናት» ልበለው? ይህን ስለው እኔው ቀድሜ ለቅሶ እጀምራለሁ። ይሁና። ያን አይደል የፈለግሁት!

በመጨረሻው እሁድ ለእናቴ ለራሷም ዋሸሁ። ለማቆያ መዋሸት ሞኝነት መሆኑን አላጣሁትም፤ ግን ድምፁ የእናቴ ነው።

«ስምዬ፣ ድምፅሽ ምን ሆነ?» አለችኝ ከልዑል ጋር ተሰነባብታ።

«ምንም እማዬ። ለሥራ ትንሽ ራቅ ልል ነው።»

«የት?»

«ጅቡቲ።»

«ሙቀት ነው። ውሃ ጠጪ። ስትደርሺ ደውይ።»

«እሺ እማዬ።»

መንኮራኩሯ ልትነሣ ስትል ጋሽ ወንዳፍራሽ ጎዴ ድረስ መጡ። እኔ ስሄድ እሁድ እሁድ ማቆያዋ አጠገብ የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። አቅፈውኝ ቶሎ አልለቀቁኝም። «እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ» አሉ። ደጋግመው አሉት። ጃርሶ ቀበቶዬን በእጁ አጠበቀልኝ፤ ያ የሱ ሥራ አይደለም።

ረምላ የሐረር ልጅ ናት፤ «ቢስሚላህ» አለችና ቁልፉን ተጫነች። ከዚያ የሆነውን አላውቅም። ጭላሎ ተራራ ደረቴ ላይ የተቀመጠ መሰለኝ፤ ረምላ «ተንፍሺ፣ ተንፍሺ» ትለኛለች። ድንገት ሁሉም ዝም አለ። እጄ ሳላዘው ተነሣ። ያ ያን ሁሉ ንትርክ ያስነሣ ክብደቴ የለም፤ አንድ ኪሎ እንኳ አልቀረም። ሳቄ መጣ፣ ሳቄም ዕንባ ቀላቀለ።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አለች ረምላ። «ልዑል መጀመሪያ ሲመጣ እንዲሁ ነው የሳቀው።»

ቀኑና ሌሊቱ ተደባለቀብኝ። ፀሐይ ትወጣለች፣ ሳልጠግባት ትጠልቃለች፣ ደግሞ ትወጣለች። ባሕሩ ያልፋል፣ አሸዋው ያልፋል። አንቀላፍቼ ስነቃ አገራችን ከሥሬ ናት፤ ዳመናው ሸለቆው ውስጥ ተኝቷል። እንዲህ ያለ ዝምታ አይቼ አላውቅም። እናቴ ከዚህ ብታየው ምን ትል ነበር? «ይሄ ሁሉ ሜዳ ባዶውን!» ትል ነበር። ወንድሜ ለምን መውረድ እንደማይፈልግ ያኔ ገባኝ፤ አልፈረድኩበትም።

ኋላ ረምላ «ይኸውልሽ ጎሕሽ» አለችኝ። ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል ቀጭን ቀይ መስመር ወጣ። አሰላ ያለችበት ጨለማ ነበር፤ ቀስ እያለ ገረጣ። መንኮራኩሯ ከሰገነት ጋር ስትገጥም ጠረጴዛ ሲነካ የሚሰማ ያህል ብቻ ተሰማ። ነጠላዬን ከሻንጣ አወጣሁ፤ አልታጠፍ አልዘቀዘቅ ብሎ ፊቴ ላይ ተንሳፈፈ። እንደምንም አንገቴ ላይ ጠቀለልኩትና በሩ ተከፈተ።

ሁሉም ተሰብስበዋል። ጸጉራቸውን አበጥረው፣ ንጹሕ ልብስ ለብሰው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ዙሪያውን ቆመዋል። ኡጁሉ ከፊት ነው። ማንም አልሳቀም፤ ማንም «እንዴት ነበር መንገዱ?» አላለም። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ መጥተው ክንዴን ያዙኝ። እንዳልንሳፈፍ የያዙኝ መሰለኝ።

«ተባረኩ» አልኩ። «እኔም ብቻዬን አልችለውም ነበር። ልዑልስ?»

ሴቶቹ ክንዴን ጠበቅ አደረጉት።

«ተኝቶ ነው?»

ይህን ስል የገዛ ቃሌን ጆሮዬ ሰማው። ተኝቷል። ጠበል ሄዷል። ስልኩ ተበላሽቷል። ጎሕ ነው። ክንዴ ተይዟል። ሰው ከቦኛል።

«የለም» አልኩ። «የለም፣ የለም፣ እኔ ነኝ እኮ ልነግር የመጣሁት!»

«እህቴ» አለ ኡጁሉ። ጥቁር ፊቱ ዕንባ በዕንባ ነበር። «ስመኝ እህቴ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ተኝቶ አልተነሣም፤ ልቡ ነው። አልተሠቃየም። እግዜር ያጥናሽ።»

ጮኽኩ። ደረቴን ስደቃ ሰውነቴ ተሽከረከረ፤ ሴቶቹ እየያዙ መለሱኝ። ዕንባው አልወርድ ብሎ ዓይኔ ላይ ተከማቸ፣ አንዷ በፎጣ ትጠርግልኛለች። «ወንድሜ! ወንድምዬ! እኔ ከማን ጋር ላልቅስ?» እላለሁ። ረምላ ከኋላዬ ጭንቅላቷን ይዛ ቀርታለች፤ እሷም አልሰማችም ነበር።

ስደክም ኡጁሉ እጄን ይዞ ነገረኝ። ማቆያውን ያስገቡት እነሱ ናቸው፤ ሰገነትም እድር አለው። እሁድ እሁድ አጠገቡ የሚቀመጠው ኡጁሉ ነበር። ሬሳው ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ተቀምጧል፤ ስወርድ አብሮኝ ይወርዳል።

«በዚህችው መንኮራኩር እኔ ራሴ አሰላ ወርጄ ለእናታችሁ ልነግራት ነበር» አለ። «ጃርሶ ቤተሰብ ልንልክ ነው ሲለኝ እንግዲህ እግዜር ያመጣው ነው አልኩ። አሁንም የረምላ ረዳት በኔ ቦታ ይቆያል፤ እኔ በረዳቷ ወንበር አብሬሽ እወርዳለሁ። እንዴት ብለን እንደምንነግራት ስናስብ ነው የከረምነው። እሁድ እሁድ እኛንም ነው የምትመርቀን። እንዲህ ያለች እናት!»

ለካ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። እናቴ ያረፈችው ጥቅምት ነው። «እሺ አበዛ» ያለችው ለዚህ ነው፤ ከሁላችን ቀድማ ሰምታው ነበር። ከዚያ ወዲያ ደግሞ፣ እኔ ከታች ኡጁሉ ከላይ ሆነን ስንጠብቃቸው፣ ሲመራረቁ የከረሙት ሁለት ሙታን ናቸው።

«ኡጁሉ» አልኩት። «እኔ ምን ልነግረው የመጣሁ ይመስልሃል?»

አየኝ። ነጠላዬን አየ። ቀድማ የጮኸችው ፎጣውን የያዘችው ሴት ናት። ከዚያ ሁሉም አለቀሱ፤ አይተዋት ለማያውቋት ሴት፣ በድምፅ ብቻ እናት ለሆነቻቸው። እኔ በተራዬ ክንዳቸውን ያዝኩ። «እግዜር ያጥናችሁ» አልኩ። ማን ማንን እንደሚያጽናና ጠፋ። በመስኮቱ ፀሐይ ወጣች፣ ጠለቀች፣ ደግሞ ወጣች።

እሁድ ሲደርስ አብረን ተቀመጥን። መርዶው ከተነገረ ማቆያ ይዘጋል፤ ሕጉ ነው። ኡጁሉ ጣቱን ማጥፊያው ላይ አድርጎ «አሁን ልዝጋው?» አለኝ። «አንዴ ልስማቸው» አልኩት። መስመሩ ተከፈተ።

«ልዑሌ፣ ደህና ሰነበትክ?» አለች እናቴ።

«እግዚአብሔር ይመስገን እማዬ፣ አንቺስ?»

«አለሁ። እኔ ምን እሆናለሁ? ስመኝ ደውላልሃለች?»

«አልደወለችም። አንቺ ጋ የለችም?»

«ጅቡቲ ሄዳለች። ስደርስ እደውላለሁ ብላ፣ ይኸው ዝም። ዛሬ ወንዳፍራሽ ነው አጠገቤ የተቀመጠው፤ እሱም አይጫወትም።»

«ሥራ በዝቶባት ይሆናላ።»

«እኔ እንጃ። የሷ ነገር አላማረኝም።» እናቴ ድምፅዋን ቀነሰች። «ልጄ አንድ ነገር ሆና ደብቀውኝ እንዳይሆን።»

«እኔንም እኮ እንዲሁ ነው የሚሉኝ» አለ ወንድሜ። «ይመጣል ሰው፣ ይመጣል ሰው ይሉኛል።»

ጋሽ ወንዳፍራሽ ከአሰላ ሲያለቅሱ ይሰማኛል። የኡጁሉ ጣት አሁንም ማጥፊያው ላይ ነው። እጁን ገለል አድርጌ ወደ መናገሪያው ተጠጋሁ።

«አለሁ» አልኩ። «እማዬ፣ ልዑሌ፣ እኔ አለሁ።»